ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮማ ስጡት፦ አረብኛ፣ ዕብራይስጥና አማርኛ ጎን ለጎን ለምታሳትሙ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለቢሮዎች፣ ለትርጉም ቤቶች፣ ለማተሚያ ቤቶችና ለአፕ ሠሪዎች

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

እስራኤል ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በአማርኛ ማስታወቂያ የምታወጡ፣ በባህረ ሰላጤው አገሮች የሥራ ውል በሁለት ዓምድ የምታትሙ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አረብኛ ያለበት መጽሐፍ ገጽ የምታቀናብሩ፣ ይህ ደብዳቤ ለሁላችሁም ነው። ሥራዬ ትርጉምና ገጽ ቅንብር ነው። እነዚህ ፊደላት አንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ የሚፈጠረውን ጣጣ በየጊዜው አያለሁ። ከጣጣው ብዙው የሚመጣው ደግሞ ከኮማ ነው።

አዎ፣ ከነጠላ ሰረዝ። ትንሽ ናት። ግን ቦታዋን ስትስት የስም ዝርዝር ትገለብጣለች፣ የቤት ቁጥርና የአፓርታማ ቁጥር ታቀያይራለች፣ ቅጽ ላይ ለየብቻ የተሞላውን አንድ ላይ ታጣብቃለች። የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮማ ስጡት፤ የጽሑፉንም አቅጣጫ ለማሽኑ በትክክል ንገሩት። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ብዙ ሰው «ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ ቋንቋ ኮማው ይገለበጣል» ብሎ ያስባል። ገጽ የሚያቀናብሩ ባለሙያዎችም ሲሉት ሰምቻለሁ። ትክክል አይደለም። ዕብራይስጥ ኮማውን አይገለብጥም። እንግሊዝኛ የሚጠቀምባትን ያችኑ ኮማ፣ ራሷ ላይ፣ ጭራዋ ታች እንደሆነች ይወስዳታል። የጥያቄ ምልክቱም እንደዚያው ነው። በዕብራይስጥ ፊደል የሚጻፈው ዪዲሽም አይገለብጥም። ስለዚህ የዕብራይስጥ ማስታወቂያ ላይ የተገለበጠች ኮማ የሚያስገባ ሰው ጥሩ የሠራ ይመስለዋል እንጂ ለአንባቢው እንግዳ ምልክት ነው ያቀረበለት።

አረብኛ ግን ይለያል። የአረብኛዋ ኮማ ይህች ናት፦ «،»። ራሷ ታች፣ ጭራዋ ላይ። መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ነገር ግራና ቀኟ ተለዋውጦ አይደለም፤ ግማሽ ዙር ዞራ ነው የቆመችው። የጥያቄ ምልክቱ «؟» ግን የመስታወት ግልባጭ ነው። ይህን ልዩነት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዳንድ ዲዛይነር ትክክለኛዋን ምልክት ፎንቱ ውስጥ ሲያጣ የእንግሊዝኛዋን ኮማ ወስዶ ግራና ቀኟን ይገለብጣትና «ይኸው አረብኛ» ይላል። የሚወጣው ምልክት አረብኛ አይደለም። እንዲያ ያለች ኮማ በእርግጥ አለች፣ ግን የሌላ ቋንቋ ናት። በአረብ ፊደል የሚጻፈው ሲንዲ ነው የሚጠቀምባት፤ ለየፊደሉና ለየምልክቱ የኮምፒውተር መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በዩኒኮድም፣ ከአረብኛዋ የተለየ የራሷ ቁጥር አላት።

ፋርስኛና ኡርዱ የአረብኛዋን ይጠቀማሉ። ሱርስትም በዘመናዊ ጽሑፉ፣ የማልዲቭስ ታና ፊደልም እንዲሁ ከአረብኛ ተውሰዋታል። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ሶሎማና ካንቴ እ.ኤ.አ. በ1949 የፈጠረው ንኮ የሚባል ፊደል አለ። ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። የራሱ ኮማ አለው፤ የአረብኛዋንም ይጠቀማል፤ አንዳንዴ ሁለቱን እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ለተለያየ ሥራ ያውላቸዋል። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። ሰዎች ለገዛ ፊደላቸው ተጨንቀው፣ አስበው ያደረጉት ነገር ነውና። «የቀኝ-ወደ-ግራ ኮማ» የሚባል አንድ ነገር እንደሌለም ያሳያል።

ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? በጥንቱ የአረብኛ ብራና ላይ ኮማ የሚባል ነገር አልነበረም። ቁርአን ላይ ግን ከኮማ የረቀቀ ሥርዓት አለ። ከመስመሩ በላይ ትንንሽ ፊደላት ይቀመጣሉ። ሚም ካለ የግድ ይቆማል። ላም-አሊፍ ካለ አይቆምም። ጂም ካለ መቆምም መቀጠልም ይቻላል። ሦስት ነጥብ በሁለት ቦታ ከተቀመጠ አንዱ ጋ የቆመ ሰው ሌላው ጋ አይቆምም። የቀራ ሰው ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ዕብራይስጡም በበኩሉ ለኦሪቱ ንባብ የዜማ ምልክቶች አሉት፤ ጥቅሱን ለሁለት የሚከፍለው ዋናው ማረፊያ ኤትናኽታ ይባላል፣ የጥቅሱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለት ነጥብ ይቆማል፣ ከእኛው ሁለት ነጥብ ጋር ቁጭ ብሎ የሚመሳሰል። በተራው ጽሑፍም ቢሆን እነዚህ ቋንቋዎች ያለ ኮማ መኖር ይችሉ ነበር። አረብኛ ነገር ሲዘረዝር በየመሐሉ «ወ» እያለ ነው የሚሄደው፤ ግዕዛችንም «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ሲል ኮማ አላስፈለገውም።

ኮማዋ የመጣችው ከአውሮፓ ኅትመት ጋር ነው። ለአረብኛ ሥርዓት ያበጀላት ግብፃዊው አሕመድ ዘኪ ፓሻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ስለ አረብኛ ሥርዓተ ነጥብ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሕጉን ከአውሮፓ ወሰደ፣ ግን ለአረብኛ አንባቢ ዓይንና ንባብ እንዲመች አድርጎ። የዕብራይስጥ ጸሐፊዎች ደግሞ የአውሮፓውን ምልክት መልኩን ሳይነኩ ተቀበሉት። በእኔ ዓይን ሁለቱም መንገድ ለየፊደሉ ይስማማል። የዕብራይስጥ ፊደላት ተለያይተው፣ አራት ማዕዘን ሆነው ስለሚቆሙ ኮማዋ ከሥር ብትንጠለጠል ከማንም ጋር አትምታታም። አረብኛ ላይ ግን ራእና ዋው ጭራቸውን ከመስመሩ በታች ይጥላሉ። የእንግሊዝኛዋ ኮማ አጠገባቸው ስትቀመጥ፣ በተለይ በትንሽ ፎንት፣ ትንሽ ራእ ትመስላለች። ዞራ የቆመችው ኮማ ግን መስመሩ ላይ ናት፤ ከፊደላቱ ትለያለች።

ቁጥር ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ግብፅና የባህረ ሰላጤው አገሮች የሚጠቀሙባቸው የአረብ አኃዞች የራሳቸው የአሥርዮሽ ምልክት አላቸው፤ እሱም ከመስመሩ ሥር የሚወርድ፣ የእንግሊዝኛ ኮማ የሚመስል ነው። ሺዎችን የሚለየው ምልክት ደግሞ ሌላ ነው፣ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እንግዲህ በእነዚያ አኃዞች መካከል የእንግሊዝኛ ኮማ ስታስገቡ አንዱ አንባቢ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብሎ ያነበዋል፤ ሌላው አንድ ነጥብ አምስት። ደመወዝ ከሆነ ሰው ገምቶ ያስተካክለዋል። የመድኃኒት መጠን ከሆነስ? የዕቃ ክብደት ከሆነስ? ግምት ላይ የሚጥል ወረቀት መስጠት ተገቢ አይደለም።

አሁን ወደ ማሽኑ ልምጣ። እስካሁን ያልኩት ስለ መልክ ነው፤ ትልቁ ጉዳት ያለው ግን አቅጣጫው ላይ ነው።

ኮምፒውተርም ስልክም ድብልቅ ጽሑፍ ሲያሳይ የሚከተለው የዩኒኮድ ደንብ አለ። ፊደል ሁሉ አቅጣጫ አለው። የዕብራይስጥና የአረብኛ ፊደል ወደ ግራ ይሄዳል፤ የአማርኛ ወደ ቀኝ። የእንግሊዝኛዋ ኮማ ግን የራሷ አቅጣጫ የላትም፤ ጎረቤቶቿን አይታ ነው የምትሄደው። የአረብኛዋ ኮማም እንዲሁ። ሁለቱ ጎረቤቶቿ ዕብራይስጥ ከሆኑ ወደ ግራ ትሄዳለች። አንዱ ዕብራይስጥ፣ ሌላው አማርኛ ከሆነ የአንቀጹን አቅጣጫ ትከተላለች። ሌላም ነገር አለ። ቅንፍ አቅጣጫው ሲቀየር መልኩን ማሽኑ ራሱ ይገለብጥለታል። ለኮማ ግን ማሽኑ ይህን አያደርግም። የአረብኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የእንግሊዝኛዋን ከጻፋችሁ የእንግሊዝኛዋ ሆና ትቀራለች።

የአማርኛው ነጠላ ሰረዝስ? ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ሦስተኛው እትም ላይ ሲገባ ነጠላ ሰረዝም፣ ድርብ ሰረዝም፣ አራት ነጥብም እንደ ፊደላቱ የራሳቸው አቅጣጫ ተሰጣቸው፦ ከግራ ወደ ቀኝ። ጎረቤት አያዩም። የትም ቢቀመጡ ወደ ቀኝ ነው የሚሄዱት። የእኛ ኮማ ከአረብኛዋም ከእንግሊዝኛዋም በባሕርይ ትለያለች ማለት ነው።

ይህ በተግባር ምን ያመጣል? እንዲህ አስቡት። አንድ የአማርኛ ደብዳቤ ላይ የሦስት ልጆች ስም መታወቂያቸው ላይ እንዳለው በዕብራይስጥ ፊደል ተጽፏል። ቀጥሎ በአማርኛ «ዕድሜያቸውም በቅደም ተከተል 7፣ 9 እና 12 ነው» ይላል። በስሞቹ መካከል የእንግሊዝኛ ኮማ ካለ ማሽኑ ሦስቱን ስሞች ከነኮማዎቻቸው እንደ አንድ የዕብራይስጥ ሐረግ ይቆጥራቸዋል። መጀመሪያ የተጻፈው ልጅ በቀኝ ዳር ይወጣል፣ የመጨረሻው በግራ። በመካከላቸው ነጠላ ሰረዝ ካለ ግን እያንዳንዱ ስም ለብቻው ይቆማል፤ መጀመሪያ የተጻፈው በግራ ይሆናል፣ አማርኛ አንባቢ እንደሚጠብቀው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቃል ያው ነው። የተቀየረው ኮማው ብቻ ነው። ግን በአንደኛው ወረቀት ትልቁ ልጅ የ7 ዓመት ሆኖ ይነበባል።

አድራሻም እንዲሁ ነው። የጎዳናው ስም በዕብራይስጥ ፊደል፣ ከዚያ የቤት ቁጥር 12፣ ከዚያ የአፓርታማ ቁጥር 4። በአማርኛ አንቀጽ ውስጥ በእንግሊዝኛ ኮማ ብትለዩአቸው ቁጥሮቹ የዕብራይስጡን ስም ተከትለው ወደ ግራ ይሄዳሉ፤ ከግራ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ 4ን፣ ቀጥሎ 12ን ያገኛል። ዕብራይስጥ የለመደ ሰው ይገባዋል። ዕብራይስጥ በስተርጅና የተማሩ፣ አማርኛውን ብለው ወረቀቱን ያነሡ እናትስ? ደብዳቤውን በአማርኛ ያወጣችሁት ለእሳቸው አይደለም ወይ?

የእኔ ደንብ ቀላል ነው። ኮማ የምትከተለው ከፊቷ ያለውን ቃል ቋንቋ አይደለም፤ የዓረፍተ ነገሩን ቋንቋ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አማርኛ ከሆነ በመሐሉ አሥር የዕብራይስጥ ስም ቢኖርም የሚለያቸው ነጠላ ሰረዝ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አረብኛ ከሆነ በመሐሉ የአማርኛ ስም ቢኖርም የአረብኛዋ ኮማ ናት። አንድ ሙሉ የዕብራይስጥ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጠቅሳችሁ ካስገባችሁ ግን እሱ ከነራሱ ኮማ ይግባ፤ ያኔ ከአማርኛው ለይታችሁ አጥሩለት። ለዚህ የሚሆኑ የማይታዩ ምልክቶች ዩኒኮድ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አሉ።

ተቃራኒው ጣጣ ደግሞ እስራኤል ውስጥ በሚወጡ ወረቀቶች ላይ በብዛት አለ። ቢሮው የዕብራይስጥ ቅጽ አለው። የአማርኛው ትርጉም እዚያው ቅጽ ውስጥ ይለጠፋል። የአንቀጹ አቅጣጫ ግን እንደነበረው ከቀኝ ወደ ግራ ሆኖ ይቀራል። «መታወቂያዎን ይዘው ይምጡ!» ተብሎ የተጻፈው ቃለ አጋኖው ከመጨረሻ ተነሥቶ በግራ በኩል፣ «መታወቂያዎን» ከሚለው ፊት ይቆማል። የጥያቄ ምልክቱም እንደዚሁ ይሰደዳል። በአራት ነጥብ የተዘጋ ዓረፍተ ነገር ግን አይነቃነቅም፤ የራሱ አቅጣጫ አለውና። አራት ነጥብ ትታችሁ የእንግሊዝኛ ነጥብ ስትጠቀሙ ይህን ጥበቃ እየጣላችሁ ነው። የገዛ ወገኖቻችንም እዚህ ላይ ይስሙኝ፦ አማርኛ ስትጽፉ የእንግሊዝኛ ኮማና ነጥብ የማስገባቱ ልማድ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ከመልክ ያለፈ ጉዳት አለው።

ይሁንና አራት ነጥብ ብቻውን አያድንም። አቅጣጫው የዕብራይስጥ በሆነ አንቀጽ ውስጥ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ በመሐሉ አንድ የዕብራይስጥ ቃል ከገባ ዓረፍተ ነገሩ ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ግማሽ በቀኝ፣ ሁለተኛው ግማሽ በግራ። አንባቢው ከግራ ሲጀምር ከመጨረሻው ይጀምራል። እንዲህ የታተመ የጤና ማስታወቂያ አንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። የተረጎመው ሰው ጥሩ አማርኛ ነበር የጻፈው። ወረቀቱን ሳየው በጣም ነው ያዘንኩት።

መፍትሔው ጽሑፉን ወደ ግራ ማስጠጋት አይደለም። ይህን ስህተት ደጋግሜ አያለሁ። ዲዛይነሩ አማርኛው ቀኝ ላይ ተጠግቶ ሲያየው «ወደ ግራ አስጠጋ» የሚለውን ይጫናል፣ መስመሩ ግራ ይሄዳል፣ ደህና ይመስላል። አቅጣጫው ግን አልተቀየረም። ማስጠጋትና አቅጣጫ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዎርድ ላይ ዊንዶውስ ውስጥ ኮንትሮልን ከግራው ሺፍት ጋር ስትጫኑ አንቀጹ ከግራ ወደ ቀኝ ይሆናል፤ ከቀኙ ሺፍት ጋር ከሆነ ከቀኝ ወደ ግራ። ኢንዲዛይንም የአንቀጽ አቅጣጫ መምረጫ አለው። ከሁለት ጣት በላይ አይጠይቅም።

ሌላው የተለመደ ስህተት በዓይን እያዩ መጠገን ነው። ጸሐፊዋ በአማርኛ አንቀጽ ውስጥ የዕብራይስጥ ቃል ጽፋ ኮማ ስትመታ ኮማዋ ያልጠበቀችው ጎን ላይ ትወጣለች። ቀጣዩን ቃል ስትጽፍ ደግሞ ትዘላለች። ግራ ይገባታል። ከዚያ ኮማዋን ታጠፋና ስክሪኑ ላይ ትክክል የሚመስለው ቦታ ላይ ታስገባታለች፣ ማለትም ከቃሉ በፊት። ለጊዜው ያምራል። ጽሑፉ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲገለበጥ፣ ወይም መስመሩ ሲያጥር፣ ሁሉም ይበተናል። ስክሪን አንባቢ የሚጠቀም ዓይነ ስውር ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም የሚሰማው የተሳሳተውን ነው። ኮማ ከቃሏ ቀጥሎ ትጻፍ፤ የት እንደምትታይ ማሽኑ ይወስን፤ የሚታይበት ቦታ ስህተት ከሆነ የሚስተካከለው አቅጣጫው ነው።

ጸሐፊዎቹን ግን አልወቅስም። ኪቦርዱ ራሱ ፈተና ነው። በተለመደው የዊንዶውስ አረብኛ ኪቦርድ ላይ የአረብኛዋ ኮማ የምትገኘው ሺፍትን ከኬ ቁልፍ ጋር ሲጫኑ ነው። እጅ የለመደውን የኮማ ቁልፍ ከሺፍት ጋር ስትመቱ የምትወጣው የእንግሊዝኛዋ ናት። ዕብራይስጡ ላይ ደግሞ የኮማው ቁልፍ ታቭ የተባለው ፊደል ሆኗል፤ ኮማዋ ወደ አፖስትሮፍ ቁልፍ ተዛውራለች። አማርኛው እንደየሶፍትዌሩ ይለያያል። በአንድ ቀን በሦስቱም የሚጽፍ ሰው እጁ ቢስት አይገርምም። የምጠይቀው አሠሪዎችን ነው፦ በየዴስኩ ኮማዎቹ የት የት እንዳሉ የምታሳይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉላቸው። ፈልግና ተካ የሚለውንም ትእዛዝ አስተምሯቸው፤ ግን በየአንቀጹ እንጂ በሙሉ ፋይሉ ላይ አይሁን። አንድ ጊዜ በሙሉ ፋይል ላይ ከተደረገ የዕብራይስጡም ኮማ አብሮ ይገለበጣል።

አፕና ድረ ገጽ ለምትሠሩ ደግሞ የተለየ መልእክት አለኝ። ቅጻችሁ ላይ «በኮማ እየለያችሁ ጻፉ» ትላላችሁ። ተጠቃሚው በአማርኛ ኪቦርድ ነጠላ ሰረዝ ያስገባል፣ ወይም በአረብኛ ኪቦርድ የአረብኛዋን። ፕሮግራማችሁ የሚያውቀው የእንግሊዝኛዋን ብቻ ነው። ሦስት የሙያ ዓይነት የሞላ ሰው እንደ አንድ ረጅም ቃል ይመዘገባል፤ ሥራ ሲፈለግም ስሙ አይወጣም። ተጠቃሚው ምንም አላጠፋም፣ በቋንቋው በትክክል ነው የጻፈው። እባካችሁ የእንግሊዝኛዋን፣ የአረብኛዋንና የአማርኛዋን ኮማ እኩል ተቀበሉ፤ ድርብ ሰረዝንም ጨምሩ። ኮድ ላይ አንድ መስመር ነው። እንዲሁም ስሞችን ስትደረድሩ፣ ለምሳሌ «እገሌ፣ እገሊትና ሌሎች 3 ሰዎች» ስትሉ፣ እያንዳንዱን ስም በአቅጣጫው አጥራችሁ አስቀምጡት። ኤችቲኤምኤል ለዚህ ቢዲአይ የሚባል ታግ አለው። ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለች እህታችን ስልኳን በአማርኛ አድርጋ፣ የምታውቃቸው ሰዎች ስም ግማሹ በአረብኛ ፊደል ነው የተመዘገበው። ስክሪኗ ላይ ቁጥሩና ስሙ የሚደባለቀው ታጉ ስለሌለ ነው።

ስለ ሥራ ውሉም ልበል። በሁለት ዓምድ የሚታተመው ውል ላይ ሠራተኛዋ የምታነበው አማርኛውን ነው። ሳውዲ ዓረቢያ ውስጥ ፍርድ ቤት የሚሠራው ግን በአረብኛ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዓምዶች ነጥብ በነጥብ መግጠም አለባቸው። አሠሪው የሚሸፍነው «ምግብ፣ መኝታ፣ ሕክምና እና የመመለሻ ትኬት» ከሆነ በአረብኛውም አራቱ ነገር ተለይቶ ይታይ። አንዱ ዓምድ ላይ ኮማ ጠፍታ ሁለት ነገር አንድ ከሆነ ክርክር ይነሣል፣ ክርክሩም የሚጎዳው አቅም የሌላትን ነው። የኮማው ቅርጽም እዚህ ላይ ቀልድ አይደለም፤ አረብኛ የማያውቅ ሰው ዓምዱን ለማመሳከር የሚችለው ምልክቶቹንና ቁጥሮቹን ቆጥሮ ነውና፣ «،» ሲያይ ኮማ መሆኗን ካወቀ ቢያንስ ስንት ነገር እንደተዘረዘረ ይቆጥራል።

ለቢሮዎች የመጨረሻው ጥያቄዬ ገንዘብ የሚነካ ነው። ተርጓሚው የዎርድ ፋይል ይልካል። ከዚያ በኋላ ፋይሉን የሚነካው አማርኛ የማያነብ ዲዛይነር ነው። ስህተቱ የሚገባው እዚያ ላይ ነው፣ ሲታተም ግን ሁሉም ጣቱን ተርጓሚው ላይ ይቀስራል። የመጨረሻውን ፒዲኤፍ ከመታተሙ በፊት ተርጓሚው ይየው። የአረብኛውን የአረብኛ አንባቢ፣ የዕብራይስጡን የዕብራይስጥ አንባቢ ይየው። ለዚያ ሰዓትም ክፈሉ። ውል ስትፈርሙ ይህን በጽሑፍ አስገቡት፤ በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ እርማት ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው።

የት እንጀምር ለምትሉኝ፣ ነገ ጠዋት የምትጠቀሙበትን ዋናውን ቅጽ ክፈቱ። አማርኛው ቦታ ላይ አንድ መስመር ጻፉ፦ ሁለት የአማርኛ ቃል፣ ከዚያ ሁለት የዕብራይስጥ ወይም የአረብኛ ስም በነጠላ ሰረዝ ተለይተው፣ ከዚያ ሌላ ነጠላ ሰረዝና ቁጥር፣ ከዚያ አንድ የአማርኛ ቃልና ቃለ አጋኖ። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አማርኛ ለሚያነብ ሰው ስጡት፣ ጮክ ብሎ ያንብበው። በጻፋችሁት ቅደም ተከተል ካነበበው ቅጻችሁ ደህና ነው። ካላነበበው የአንቀጹን አቅጣጫ አስተካክሉና እንደገና ሞክሩ፤ እስኪስተካከል ድረስ በዚያ ቅጽ ምንም ነገር ለሕዝብ አታውጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የትርጉምና የገጽ ቅንብር ሠራተኛ